ሦስት ማሰሪያ ያለው አፎት

ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቤቱ አባላት በሙሉ በተገኙበት፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወስፌ መነጽሩን ጠረገ። የቤቱ አባላት ሁለት ናቸው፤ እሱና ሚስቱ። የጠረገው በሸሚዙ ጫፍ ሲሆን ግራውን መስተዋት አስቀድሞ ቀኙን አስከተለ። ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አስቀመጠና ከፊቱ የተዘረጋውን ቆዳ ማየት ጀመረ።

ወስፌ የተባለው በሙያው ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ በቁመናው ነው። ሚስቱ፣ ሳገባው ሙሉ ሰው ነበር፣ ቆዳ በላው ትላለች። እሷን ደግሞ ሰፈሩ ዳኛዋ ይላታል። ፍርድ ቤት ደጃፍ ደርሳ አታውቅም፤ ብቻ አንድ ጊዜ ከተናገረች ይግባኝ የለውም።

ሥራው የሽጉጥ አፎት መስፋት ነው። የመጋዘን ጥበቃው፣ የባንክ ጥበቃው፣ ወገቡ ላይ ብረት አንጠልጥሎ የሚውል ሁሉ አንድ ቀን እሱ ዘንድ መምጣቱ አይቀርም። የፊት ለፊቱ ክፍል ቀን የሥራ ቦታ፣ ማታ ሳሎን ነው። ጠረጴዛው ላይ ከፈረሰ ሕንፃ የመጣ የእብነ በረድ ቁራጭ አለ፤ ቆዳ የሚቆረጠው እሱ ላይ ነው። አጠገቡ መብሻው፣ በሰም የታሸው ክር፣ ጠርዝ ማለስለሻ አጥንቱ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ ደግሞ ዳኛዋ ሽታውን የማትወደው የማጣበቂያ ቆርቆሮ ይቀመጣል። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፦ ጥይት ደጃፉን አያልፍም። ደንበኛ ሲመጣ ጥይት የሚሞላበት ካርታ ከሽጉጡ ይወጣና በረንዳው ላይ ባለው ባዶ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ይጠብቃል። ሕጉን ያወጣችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ቆዳው በወረቀት ተለክቶ ይቆረጥና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አረፋ መትፋቱን ሲያቆም ይወጣና ከእንጨት በተጠረበ ሽጉጥ ላይ ይለበሳል። ከዚያ ወስፌ በአውራ ጣቱና በአጥንቱ እየተጫነ የሽጉጡን አካል አንድ በአንድ ያስይዘዋል፤ አፈሙዙን፣ የምላጩን ቀለበት፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጉብታ ሳይቀር። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ቆዳው ሌላ ቅርጽ አልቀበልም ይላል። ከወስፌ እጅ የወጣ አፎት ተገልብጦ ቢራገፍ ሽጉጡ ንቅንቅ አይልም፤ ባለቤቱ ሲስበው ግን ይወጣል። ሌላ ሚስጥር የለውም።

በዚያ ማክሰኞ አማቹ፣ የታናሽ እህቱ ባል፣ ከሥራ መልስ መጣ። የመጋዘን ጥበቃ ነው። ካርታውን አውጥቶ ቆርቆሮው ውስጥ አኖረ፤ ገባ፤ ቀበቶውን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አፎቱ እንደላላበት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሲቀመጥ ሽጉጡ እንደሚንገዋለልበት፣ አንድ ቀን ወድቆ እንዳያዋርደው መስጋቱን ተናገረ። ባለ ቁልፍ ማሰሪያ ቢኖረው ጥሩ ነው አለ። ሲናገር የሚያየው ወስፌን ሳይሆን እብነ በረዱን ነበር።

ወስፌ አፎቱን አንስቶ ገለበጠው። ነቀነቀው። ሽጉጡ እንደ ጥርስ ተተክሏል። ይህን አፎት ራሱ ነው የሰፋው፤ ለእህቱ ባል ብሎ ከበሬው ጀርባ ደህናውን ቆዳ መርጦ።

“አዎ” አለ ወስፌ፤ “ትንሽ ላልቷል።”

ማሰሪያውን እዚያው ሰፋለት። ሥራ እንዴት ነው አለው፤ ደህና ነው አለ። ልጁስ አለው፤ ደህና ነው አለ። እንቅልፍስ ሲለው ቁልፉን ከፍቶ ዘግቶ ሞከረና ቆንጆ ሆኗል፣ ጋሼ፣ ብሎ ተነሣ። ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል። ዳኛዋ ከጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች ሁሉንም ሰማች፤ ቢላዋው ግን ምቱን አልሳተም።

እዚህ ላይ ከአራት ወር በፊት የሆነውን መናገር ያስፈልጋል። አማቹ በር ላይ አብሮት የሚቆም አንድ ባልደረባ ነበረው። ያ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ባዶ ሣጥኖች በተከመሩበት፣ በገዛ ሽጉጡ ሞተ። ቀድሞ የደረሰው አማቹ ነው። የፈረቃ አለቃው በጻፈው ሪፖርት ላይ “መሣሪያ በማጽዳት ላይ ሳለ” ይላል። በለቅሶውም ሰው ሁሉ ይህንኑ አለ፤ የሟቹ ሚስትም፣ እናቱም፣ ወንበር የሚያከራየው ሰውዬም። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ ጫማውን እንኳ ጠርጎ የማያውቅ ሰው ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን አንገቱን እየነቀነቀ፣ “አይ ጽዳት!” አለ።

ከዚያ ወዲህ አማቹ ዝምታ ያዘው። ሥራው ላይ አልጎደለም። ቤቱ ሲገባ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ቀበቶውን ሳይፈታ፣ አንድ እጁን አፎቱ ላይ አሳርፎ ግድግዳ ያያል። ሽጉጡ ከሱ ጋር ወደ ቤት የሚመጣው ድርጅቱ የመሣሪያ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ስለሌለው አይደለም። ቁም ሣጥን አለው። ቁልፉ በተገዛ በሳምንቱ ጠፋ፤ አዲስ ቁልፍ እንዲገዛ የቀረበው ማመልከቻ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው ይባላል።

ኀሙስ ረፋዱ ላይ እህቱ መጣች። ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ፣ በእጇ የአትክልት ዘንቢል ይዛ። ከጎመኑ ሥር አፎቱ ከነሽጉጡ ወጣ። ባሏ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ተኝቶ ነበርና፣ ሳይነቃ መመለስ አለብኝ አለች።

“ምን ሆነሽ ነው ይህን ይዘሽ መንገድ የምትወጪው?” አላት ወስፌ። ካርታውን ራሱ አውጥቶ በረንዳ ላይ አስቀመጠና ተመለሰ።

እቤት ጥዬው መምጣት ስላልቻልኩ ነው አላለችም። ልጁን ፈርቼ ነው አለች። ልጅ ምኑን ይታመናል፣ አባቱ በተኛበት ሄዶ ቁልፏን ጠቅ አድርጎ ቢከፍታትስ? ሌላ የሚያስቸግር ማሰሪያ፣ ዘለበት ያለው፣ ብትጨምርልኝ ልቤ ያርፋል።

ወስፌ ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ ያስተኛችውን ልጅ አየው። ልጁ የሰባት ወር ነው። ያለ ትራስ መቀመጥ አልጀመረም። በዚያች ሰዓት የገዛ እግሩን ጣት ለመያዝ እየታገለ ነበር፤ አልተሳካለትም።

“ልክ ነሽ” አለ ወስፌ። “ዘንድሮ ልጆች ፈጣን ናቸው።”

እየሰፋላት ሳለ እንደ ወግ አድርጋ አንዳንድ ነገር ነገረችው። ባሏ ሰሞኑን ጥሩ ነው። ሳትጠይቀው የልጁን ልብስ አጠበ። የሰርጉን ጥቁር ጫማ ለጎረቤት ልጅ ሰጠው፤ ጠበበኝ ብሎ። ሰዓቱንም ለወንድሙ ላከለት። ቤቱ ውስጥ የሱ የሆነው ነገር እያነሰ ስለሄደ ለመጥረግ ቀለላት። ይህን ስትል ሳቀች። ወስፌም ሳቀ። መርፌው ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ።

ዳኛዋ ከጓዳ ወጥታ ሕፃኑን ተቀበለቻት፤ ሳመችው፤ መለሰችላት። ባልሽን የምታሳዪው ሐኪም የለም ወይ ማለት አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ያለችው ግን ጎመኑ ሳይጠወልግ ቤትሽ ግቢ ነው። ዳኛ ብትሆንም ይህን ጉዳይ በቀጠሮ ማሳደር ጀምራ ነበር።

ማታ አማቹ ለሥራ ሲነሣ አዲሱን ዘለበት አየው። ምንድነው አላለም። አሠረው፤ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የፈረቃ አለቃው ብቅ አለ። ቀበቶ ሊያሰፋ ነው የመጣው። የታጠቀው ቀበቶ አዲስ ነበር። ወገቡ ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ወስፌ ግን እውነተኛውን ቁጥር ጻፈ።

ከዚያ ስለ ሌቦች ማውራት ጀመረ። አውቶቡስ ውስጥ ከጥበቃ ወገብ ላይ ሽጉጥ መንትፎ የሚሮጥ ሌባ መጥቷል ተብሏል። መመሪያው አፎት ቶሎ እንዲከፈት ያዛል፤ እሱም የመመሪያ ሰው ነው። ግን ላንዳንድ ሰው፣ ለምሳሌ ለርስዎ አማች፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ትንሽ ዘግየት የሚል ነገር ቢደረግለት አይከፋም።

“ምን ያህል ዘግየት?” አለው ወስፌ።

የፈረቃ አለቃው ቆቡን አውልቆ ውስጡን አየ። “ሰው ሐሳቡን እስኪቀይር” አለ። ወዲያው ደግሞ “ሌባው ማለቴ ነው” ሲል ጨመረ።

ወስፌ፣ ለምን ሽጉጡን ለጊዜው አትቀበሉትም ብሎ ሊጠይቀው ይችል ነበር። መልሱን ስለሚያውቀው ተወው። መሣሪያ የተቀበለ አለቃ ለምን እንደተቀበለ ይጽፋል። ለምን እንደተቀበለ የጻፈ፣ የሟቹን ለምን እንዳልተቀበለ ይጠየቃል። ያኔ የጽዳቱ ሪፖርት ከፋይሉ ይወጣል። አማቹም ለጥበቃ ሥራ አይመጥንም ተብሎ ይሰናበታል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሻለው ሽጉጡ በሰውዬው ወገብ ላይ እንዳለ ቆይቶ እንዳይወጣ ማድረግ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው።

ወስፌ ያን ቀን ምሳውን ሳይነካ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ለአማቹ ሰው ልኮ፣ ቆዳው ሞራ ሳይጠጣ ክረምት ሊገባበት ነው፣ ሰኞ ከሰዓት ትወስደዋለህ አለው። እሑድ የአማቹ የዕረፍት ቀን ነው። አማቹም አልተከራከረም፤ ሽጉጡን ከነአፎቱ አምጥቶ አስረከበ። ቀለል ያለው መሰለ። በረንዳው ላይ ቆሞ ትንሽ ስለ ሰማዩ አወራ።

ወስፌ መጀመሪያ የፈረቃ አለቃውን ድርሻ ሠራ፦ ሦስተኛ ማሰሪያ፣ ከታች ተነሥቶ እጀታውን አቅፎ ከኋላ የሚታሰር፣ አንድ እጅ ብቻውን የማይፈታው። ተቀምጦ አየው። ሦስት ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ይፈታል። ትዕግሥት ያለው ሰው ይፈታዋል። አማቹ ደግሞ ትዕግሥተኛ ነው፤ እህቱን ሲድርለት አመስግኖ የሰጠው በዚሁ ጠባዩ ነበር።

ያን ጊዜ ወስፌ በአርባ ዓመት ሙያው ሠርቶት የማያውቀውን ሠራ። ማንቆርቆሪያውን ጣደ። ቆዳ ለብ ካለ ውሃ ውጭ አይነካም፤ ይህን የማያውቅ ሰፊ ሰፊ አይባልም። የፈላ ውሃ የነካው ቆዳ ይኮማተራል፤ ከዚያ እንደ ቀንድ ይደርቅና አይመለስም። ወስፌ ባዶውን አፎት ፈልቶ የወረደ ውሃ ውስጥ ነከረው። ቆዳው ዐይኑ እያየ ጨምደድ አለ፤ መልኩ ጠቆረ፤ ያ ያማረ ጠርዝ ተጣመመ። ሳይደርቅ ሽጉጡን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ አስገባ። አልገባ ሲለው እጀታውን በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረገው። ገባ።

ዳኛዋ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

“ቆዳ እየገደልክ ነው” አለችው።

“ሞራ እያጠጣሁት ነው” አላት።

ሞራው የት እንዳለ አልጠየቀችውም።

እሑድ አፎቱ መስኮት ሥር ሲደርቅ ዋለ። የሚሰማው ትንሽ ትንሽ የመኮማተር ድምፅ ነበር። በዚያ ቀን በአማቹ ቤት እህቱ ከአራት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ላይ እንቅልፍ ጣላት። የፈረቃ አለቃው ለመዝናናት ወጣ። ሁሉም ሰው እሑድን ደህና ዋለ። ወስፌ ብቻ ደጋግሞ እየተነሣ እጀታውን ይስባል። ንቅንቅ አይልም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚወጣ ነገር ሲሠራ የኖረ እጅ ነውና የማይወጣው ነገር አስጠላው።

ሰኞ ከሰዓት አማቹ ሊወስድ መጣ። እህቱም ልጁን አዝላ መጣች፤ ዳኛዋ ጋ መርፌ ልትዋስ። የፈረቃ አለቃውም መጣ፤ ያላለቀ ቀበቶውን ሊያይ። እንዲህ በአንድ ጊዜ መገጣጠማቸው ሁሉንም ገረማቸው፤ መገረማቸውንም ለየብቻ ተናገሩ። ክፍሉ ጠበበ። ዳኛዋ ወንበር አቀረበች፤ የተቀመጠ ግን የለም።

ወስፌ አፎቱን አቀበለው። ጥቁር፣ ጠማማ፣ በማሰሪያ የተጠፈረ ነገር ነበር። የተቃጠለ እግር ይመስላል።

“ቆንጆ ሆኗል” አለች እህቱ።

“ጠንካራ ሥራ ነው” አለ የፈረቃ አለቃው።

አማቹ ታጠቀው። ቀበቶውን አጠበቀ። ከዚያ ቆሞ ቀረ። ወስፌ የሰፋውን ለባለቤቱ ሲያስረክብ የማይዘላት አንዲት ነገር አለችው፦ ሦስት ጊዜ ምዘዘው ይላል፤ ደንበኛው ሦስት ጊዜ መዝዞ ሦስት ጊዜ ሳይመልስ ደጃፉን አይወጣም። ኮሎኔል ቢሆን አይቀርለትም። ዛሬ ግን ወስፌ ስለ ክር መወደድ እያወራ ነበር። ክር አልተወደደም።

“ጋሼ” አለ አማቹ፤ “ምዘዘው አትለኝም?”

ወስፌ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረ።

አማቹ አንደኛውን ማሰሪያ ፈታ። ዘለበቱን ፈታ። ሦስተኛውን፣ ወደ ኋላው ዞር ብሎ፣ በሁለት እጁ ፈታ። አልቸኮለም። ከዚያ ቀኝ እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ። ካርታው በረንዳ ላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። ቢሆንም እህቱ ልጁን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረችው፤ የፈረቃ አለቃው አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደና እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ ቀረ።

አማቹ ሳበው። አልወጣም። ሌላ ጊዜ ሳበው፤ ቀበቶው ከነወገቡ ተከተለው። ሦስተኛውን ጊዜ አልሞከረም። የሦስቱንም ፊት ተራ በተራ አየ፤ እህቱን፣ የፈረቃ አለቃውን፣ ወስፌን። በሰፈሩ ስንት ሰው ለሱ ሲደክም እንደከረመ ያን ጊዜ ነው የቆጠረው።

“ማክሰኞ አጥብቅልኝ ያልኩት እኔው ነኝ እኮ” አለ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። “ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።”

የፈረቃ አለቃው የተዘረጋ እጁን ሰብስቦ ቆቡን አስተካከለ። ስለ መመሪያው አንድ ነገር ሊጀምር ሲል ዳኛዋ ዞር ብላ አየችው፤ ተወው።

አማቹ ቀበቶውን ፈታ። ለሚስቱ አልሰጣትም፤ ለአለቃውም አልሰጠውም፤ ጠረጴዛው ላይም አላስቀመጠውም። ክፍሉን አቋርጦ ጓዳው በር ላይ ወደቆመችው ዳኛዋ ሄደና ከነአፎቱ ዘረጋላት። ዳኛዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በሁለት እጇ ተቀበለችው።

“ስንት ቀን ላስቀምጥልህ?” አለችው።

አማቹ አሰበበት። እውነተኛ ጥያቄ ከተጠየቀ ቆይቷልና ጊዜ ወሰደበት።

“ብጠይቅሽም አትስጪኝ፣ እትዬ” አላት።

ምን ማለቱ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እህቱ ከቀረቡት ወንበሮች አንዱን ሳበችና ቁጭ አለች።